ከተማ በምን ያድጋል? በፍልሰት፣ በወሊድ ወይስ ካርታ ላይ በሚሰመር መስመር?

ቧንቧ77 (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ለአንዲት መካከለኛ ከተማ የውኃ ፕሮጀክት የ20 ዓመት የሕዝብ ትንበያ ያስፈልጋል። መነሻው ሕዝብ 50,000 ነው። አንዱ ሰነድ የከተማ ሕዝብ በዓመት 3.8 በመቶ ያድጋል ይላል፣ ሌላው 5.4። በተለመደው የኤክስፖኔንሻል ቀመር (ጭማሪው ራሱ እየጨመረ በሚሄድበት) ሲሰላ በመጀመሪያው 106,900 ሰው፣ በሁለተኛው 147,200 ሰው ይመጣል። ልዩነቱ 40,300 ነው። ከተማዋ 100,000 ስታልፍ በነፍስ ወከፍ በቀን 80 ሊትር ስለሚታሰብ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የውኃ ልዩነት ብቻውን በቀን 3,200 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በጉድጓድም በቧንቧም በማጠራቀሚያም ሲተረጎም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የትኛውን ልያዝ? ደግሞ ስብሰባ ላይ ሁሉ «የገጠር ሰው እየጎረፈ ነው» ይባላል። እውነት ዕድገቱ ሁሉ ፍልሰት ነው?

የቆጠራ ሰው

ሁለቱንም አትያዝ። 3.8 ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ትንበያ የመጣ ነው። 5.4ን ያስቀመጠው የዓለም ባንክ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኢትዮጵያ ከተሞች ጥናት ነው። ሁለቱም የአገሪቱ ከተሞች ተደምረው የሚያድጉበት ፍጥነት እንጂ የአንዲት ከተማ ፍጥነት አይደሉም። በአገር አቀፉ ቁጥር ውስጥ ትናንት ገጠር ተብለው የተቆጠሩ፣ ዛሬ ግን ከተማ የተባሉ አዳዲስ ከተሞች አሉበት። ያንተዋ ከድሮም ከተማ ስለሆነች ያ ጭማሪ አይመለከታትም።

መነሻውም አርጅቷል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፤ 73.75 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ከዚያ ውስጥ 16.1 በመቶው ከተሜ። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ተላለፈ፣ በ2011 ደግሞ እንደገና ተላለፈ። ስለዚህ ያ 50,000 ራሱ ወይ ትንበያ ነው ወይ የቀበሌ ግምት። መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።

ወደፊት ከመተንበይህ በፊት ያለፈውን ዕድገት በሦስት ክፈለው፤ ተፈጥሯዊ ጭማሪ (ውልደት ሲቀነስ ሞት)፣ የተጣራ ፍልሰት (የገባ ሲቀነስ የወጣ)፣ እና የድንበር ለውጥ። ለማሳያ የፈጠርኩት ቁጥር ይኸው። ከተማዋ በአሥር ዓመት ከ40,000 ወደ 60,000 ደረሰች እንበል። በመካከሉ 6,000 ሰው ያለበት አንድ የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማው ተካልሏል።

1. ተፈጥሯዊ ጭማሪው በዓመት 1.5 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 40,000 ሰዎች ብቻቸውን 6,470 ይጨምራሉ።
2. ከተካለለው ቀበሌ 6,000።
3. ከ20,000 ሁለቱን ስትቀንስ 7,530 ይቀራል። ይህ የተጣራ ፍልሰት ነው።

ከጠቅላላው ጭማሪ ፍልሰቱ 38 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ድንበሩን ሳትለይ ብታሰላ የዕድገቱ መጠን 4.05 በመቶ ይሆናል። የተካለለውን ቀበሌ አውጥተህ 40,000ን ከ54,000 ጋር ብታነጻጽር 3.0 በመቶ ነው። አንድ ሙሉ ነጥብ የመጣው ከማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ነው። በ4.05 ለ20 ዓመት ብትተነብይ 134,900፣ በ3.0 ብትተነብይ 109,300 ታገኛለህ። የመጀመሪያውን የያዘ መሐንዲስ ሳይታወቀው «ከተማዋ በየአሥር ዓመቱ የገጠር ቀበሌ እየዋጠች ትቀጥላለች» ብሎ ፈርሟል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። በዚህ ስሌት የፍልሰተኞቹ ልጆች የሚገቡት ከፍልሰቱ ቀሪ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ፍልሰቱ ትንሽ ይጋነናል። ሁለተኛው የውልደት ቁጥርን ከከተማው ሆስፒታል መውሰድ ነው። የሪፈራል ሆስፒታል ባለበት ከተማ ከሚወልዱት እናቶች ብዙዎቹ ከዙሪያው ወረዳ የመጡ ናቸው፤ ወልደው ይመለሳሉ፣ ልጁ ግን በከተማው መዝገብ ላይ ይቀራል። የእናትየዋ መኖሪያ ቀበሌ ካልተለየ ቁጥሩን አትንካው።

ስነሕዝብ_ብቻ

«እየጎረፈ ነው» የሚለው ነገር በብዙ አገር ግማሽ እውነት ነው። ቻይናን ትተን በታዳጊ አገሮች ባለፉት አሥርት ዓመታት የከተማ ሕዝብ ጭማሪ ሲሰላ 60 በመቶ ያህሉ የመጣው ከተሞች ውስጥ ከተወለደ ልጅ ነው። ፍልሰትና የድንበር ለውጥ ተደምረው ቀሪውን ይይዛሉ። የመካከለኛ ቁጥር ነገር ሆኖ ግን የትኛውንም አገር በትክክል አይገልጽም።

የዲሞክራቲክ ኮንጎን ዋና ከተማ ኪንሻሳንና አዲስ አበባን አስተያዩ። በ2013–14 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኮንጎ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኪንሻሳ ውስጥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.2 ልጅ ትወልዳለች፣ በአገር ደረጃ 6.6። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያው ጥናት አዲስ አበባ 1.8 ነበር፣ አገር አቀፉ 4.6፣ ገጠሩ 5.2። ኪንሻሳ አንድም ሰው ከክፍለ ሀገር ባይገባባት በራሷ ልጆች እያደገች ትሄዳለች። አዲስ አበባ ግን በሩ ቢዘጋ ውሎ አድሮ መቀነስ ትጀምራለች። ለኪንሻሳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማዋለጃና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ለአዲስ አበባ የአንድ ክፍል ኪራይ ቤት፣ አውቶቡስና ሥራ። «ፈጣን የከተማ ዕድገት» ብሎ ሁለቱን በአንድ ዕቅድ ማስተናገድ ገንዘብ መበተን ነው።

ለታሪክ ያህል፣ ለንደን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የሚሞትባት ከሚወለድባት ይበልጥ ነበር። ያደገችው ከገጠር በሚገባ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የአፍሪካና የእስያ ከተሞች ክትባትና ንጹሕ ውኃ ስላገኙ ከሀብታቸው ቀድሞ ሞታቸው ቀነሰ። ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ከተማ የሚያድገው ሥራው ሰው ሲስብ ነበር፤ አሁን ፋብሪካ ሳይኖርም ያድጋል።

ጠያቂዋ

ስነሕዝብ_ብቻ፣ 1.8 ማለት እናትና አባት ራሳቸውን እንኳ አይተኩም ማለት ነው። ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ለምን ሞልቶ ይፈሳል?

ስነሕዝብ_ብቻ

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። 1.8 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ስንት ትወልዳለች የሚለው ነው። በዓመት ስንት ሕፃን ይወለዳል የሚለውን የሚወስነው በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ብዛት ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ሰው አብዛኛው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው፣ ሴቷም ትበዛለች። በ1999 ቆጠራ ለ100 ሴት 91 ወንድ ብቻ ነበር። የቤት ሠራተኝነት፣ የምግብ ቤትና የሱቅ ሥራ የሚስበው ወጣት ሴቶችን ነው። እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድም በቁጥር ብዙ ስለሆኑ የሚወለደው ሕፃን ብዙ ይሆናል፤ አረጋዊው ጥቂት ስለሆነ ሞቱ ያንሳል። ስለዚህ ተፈጥሯዊ ጭማሪው ለጊዜው ከዜሮ በላይ ነው። ዛሬ የገቡት ሲያረጁና በምትካቸው የሚገባው ሲያንስ ይህ ያልቃል።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከ1976 እስከ 1987 ዓ.ም. ቆጠራ በዓመት 3.8 በመቶ ገደማ አድጋ ነበር፤ ከ1987 (2,112,737) እስከ 1999 (2,739,551) ግን 2.1 በመቶ ብቻ። ሰው መምጣቱን አቆመ ማለት አይደለም።

ሸገር ዳር

እዚህ ላይ ልግባ። የመጣው ሰው ከድንበሩ ወዲያ ሰፈረ። ኪራይና ቦታ የሚረክሰው ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ነበር፤ ጠዋት አዲስ አበባ ይሠራል፣ ማታ ኦሮሚያ ያድራል። በ1999 የቆጠራው መስመር ለሁለት ቆረጠው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ በአንድ አዋጅ ትልቅ ከተማ ተወለደ፣ አንድም ሰው ግን ቤቱን አልቀየረም።

ለቧንቧ77 ትርጉሙ ይህ ነው፤ ጨረቃ ቤቶቹ ከከተማው ወሰን ውጭ ከሆኑ በትንበያህ የሉም፣ ውኃ ግን የሚቀዱት ከአንተው ቦኖ ነው።

ሜዳ_ገበያ

ስለ ሕንድና ቻይና ሳይነሳ ይህ ክር አይሞላም፣ ድንበሩና ስሙ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው።

ሕንድ ውስጥ አንድ መንደር በቆጠራ ከተማ ለመባል ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። ሕዝቡ 5,000 መድረስ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር 400 ሰው መኖር፣ ከወንድ ሠራተኞቹ 75 በመቶው ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ መሰማራት። ከ2001 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የተቆጠሩት ከተሞች ከ1,362 ወደ 3,894 ዘለሉ። የሕንድ የከተማ ሕዝብ በዚያው ጊዜ ከ286 ሚሊዮን ወደ 377 ሚሊዮን ሲያድግ፣ ከጭማሪው ሲሶ ገደማ እንዲህ ስሙን የቀየረ መንደር ነው። ማንም ሻንጣ አላነሳም። ብዙዎቹ ደግሞ ዛሬም በገጠር ምክር ቤት ነው የሚተዳደሩት፤ የከተማ ጥግግት አላቸው፣ የከተማ ፍሳሽ ማስወገጃ ግን የላቸውም።

ቻይና ተቃራኒው ነው፤ ሰው ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሁኮ የሚባለው የነዋሪነት ምዝገባ ሰውን ከተወለደበት ቦታ ጋር ያስራል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 66.2 በመቶው ሕዝብ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር፣ የከተማ ሁኮ ያለው ግን 48.3 በመቶ ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው ከ250 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ከተማ ውስጥ እየሠራ ልጁን እዚያው ማስተማር ወይም ሙሉ የጤና መድን ማግኘት ይቸግረዋል። ሼንዘን በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ስትሆን ትንሽ አካባቢ ነበረች፤ በ2020 ቆጠራ 17.56 ሚሊዮን ሰው ተገኘባት። እንዲህ ያለ ዕድገት ወሊድ አያመጣውም።

ወደኛ ስንመጣ ወረቀቱ ቀበሌ መታወቂያ ነው፣ ማሰሪያው ደግሞ መሬት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። ገበሬው ይዞታውን ሸጦ በገንዘቡ ከተማ ገብቶ ሱቅ መክፈት አይችልም፤ ጥሎት ቢቆይ ደግሞ ይዞታውን እንዳያጣ ይሰጋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ይቀራል፣ የሚሄደው ወጣቱ ነው፤ ከሄክታር በታች የሆነ ማሳ ለአራት ወንድማማች ስለማይዳረስ።

ካርታ አንባቢ

ከላይ ስለ ድንበር የተባለውን ለማስቀረት ነው የዓለም ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሌላ ዘዴ ያመጡት። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው «የከተሜነት ደረጃ» ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬቱን በሙሉ ጎንና ጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ሳጥን ትከፍለዋለህ። በአንድ ሳጥን 1,500 ሰውና በላይ የሚኖርባቸው ተጎራባች ሳጥኖች ተደምረው 50,000 ከሞሉ ትልቅ ከተማ ነው። 300ና በላይ ያላቸው ተያይዘው 5,000 ከሞሉ አነስተኛ ከተማ ወይም ከፊል ጥግግት ያለው ሰፈር። የተረፈው ገጠር። ከንቲባው ማን እንደሆነ አይጠየቅም።

በዚህ መንገድ የ2025ቱ የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ሪፖርት ሲወጣ የዓለም ትልቋ ከተማ ጃካርታ ሆነች፣ 42 ሚሊዮን ገደማ። ዳካ 37፣ ቶኪዮ 33 ሚሊዮን። በ2018ቱ እትም ቶኪዮ በ37 ሚሊዮን አንደኛ፣ ዴልሂ በ29 ሚሊዮን ሁለተኛ ነበሩ፣ ጃካርታ ደግሞ ከ10 ሚሊዮን ብዙም አትርቅም ነበር። በሰባት ዓመት 30 ሚሊዮን ሰው አልገባባትም። የቀድሞው የሚቆጥረው የዋና ከተማዋን አስተዳደር ብቻ ነበር፣ አዲሱ ዙሪያዋን የተያያዘውን ሰፈር ሁሉ ቆጠረ።

በዚሁ ሪፖርት አዲስ አበባ እስከ 2050 ድረስ ከ10 ሚሊዮን ያልፋሉ ከተባሉት ከተሞች አንዷ ናት። ያ አዲስ አበባ ግን የ527 ካሬ ኪሎ ሜትሯ አስተዳደር አይደለም፤ ሸገር ዳር ያነሳቸውን ጎረቤቶች ጨምሮ ነው። ይህን ሳይለዩ «ከተማችን በ25 ዓመት 10 ሚሊዮን» እያሉ የክፍለ ከተማ በጀት የሚሠሩ አሉ።

ዘዴው እንከን የለውም ማለት አይደለም፣ በተለይ ለኛ። ጌዴኦን ውሰዱ። በ1999 ቆጠራ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይኖርበት ነበር፣ ከተሜ ተብሎ የተቆጠረው ግን 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቡናና እንሰት እርስ በርስ ተጠጋግቶ፣ ቤቱ በመካከሉ ተበትኖ፣ ገበሬው ጥቅጥቅ ብሎ ይኖራል። የ300ው መስፈርት ይህን አገር ሁሉ «ከፊል ከተማ» አድርጎ ይስለዋል። ወላይታም 350 በላይ ስለነበር እንዲሁ ነው። የጥግግት ካርታ ብቻ ይዞ ከተሜነት 50 ወይም 60 በመቶ ደረሰ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ከተቆጠረው ምን ያህሉ የደቡብ ገበሬ እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ድክመት ደግሞ ሳጥኖቹን የሚሞላው ቁጥር ነው። ሳተላይት ጣሪያ ያያል፣ ሰው አይቆጥርም። በነጻ የሚወርዱት የሕዝብ ካርታዎች የወረዳውን ትንበያ ወስደው በጣሪያው ልክ ያከፋፍሉታል። ትንበያው ከ1999 የተነሳ ከሆነ ስሕተቱ በጥሩ ቀለም ተስሎ ተመልሶ ይመጣል።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ላቲን አሜሪካ 81 በመቶ ከተሜ ነው፣ አፍሪካ 43 በመቶ (የ2018ቱ እትም)። ታዲያ ለምንድነው የኛ ከተሞች ከእነሱ በፍጥነት የሚያድጉት? የእነሱ ሰው ከተማ ይበልጥ አይወድም?

የቆጠራ ሰው

የመውደድ ጉዳይ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ከመቶ ሰው 20ው ከተማ፣ 80ው ገጠር ነው እንበል። በዓመት ከገጠሩ 1 በመቶው ብቻ ከተማ ቢገባ 0.8 ሰው ነው፤ ለ20ው ከተሜ 4 በመቶ ዕድገት። አሁን ገልብጪው፣ 80 ከተማ፣ 20 ገጠር። ያው 1 በመቶ ቢሄድ 0.2 ሰው ነው፣ ለ80ው 0.25 በመቶ። የገጠሩ ሰው ያንኑ ያህል ቢሰደድም ከተማው አይሰማውም። ለዚህ ነው ከ2018 እስከ 2050 እ.ኤ.አ. በከተሞች ይጨመራል ከተባለው 2.5 ቢሊዮን ሰው 90 በመቶ የሚጠጋው በእስያና በአፍሪካ የሚሆነው፤ ሕንድ፣ ቻይናና ናይጄሪያ ብቻቸውን 35 በመቶውን ይይዛሉ።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የሚያንሱ አሉ። የአሜሪካዋ ዲትሮይት በ1950 እ.ኤ.አ. 1.85 ሚሊዮን ነበረች፣ በ2020 ቆጠራ 639,111።

ስነሕዝብ_ብቻ

ይህ ሒሳብ ለቧንቧ77ም ይሠራል። በ20 ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ገጠር ወሊዱም ወጣቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ መጠን ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ አያስኬድም። በየአምስት ዓመቱ ዝቅ አድርገው፤ ለምሳሌ 3.6፣ 3.3፣ 3.0፣ 2.7። 50,000 በዚህ 93,900 ይደርሳል። ቋሚ 3.8 ከሰጠህ በ13,000 ያንሳል።

ቧንቧ77

ግሩም። 93,900 ከሆነማ ከ100,000 በታች ስለሚቀር የነፍስ ወከፍ ፍጆታውም 60 ሊትር ላይ ይቆያል። የቀን ፍላጎቱ 5,600 ሜትር ኩብ ገደማ ሆነ፣ በ147,200 ግን 11,800 ይሆን ነበር። ከእጥፍ በላይ ልዩነት! ታዲያ መነሻውን 50,000 ሜዳ ላይ በምን ላረጋግጥ?

ካርታ አንባቢ

በሦስት ነገር፣ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ደግሞ ምክንያቱን እስክታገኝ አትቀጥል።

መጀመሪያ በቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ ቁጠር። ሙሉ ከተማውን መቁጠር አያስፈልግም፤ አሮጌ ሰፈር፣ አዲስ ማስፋፊያና ዳር ብለህ ሦስት ቦታ ከፍለህ ከእያንዳንዱ ጥቂት ብሎክ ውሰድ። ኩሽናና ከብት ቤት እንደ ቤት እንዳይቆጠር፣ ያላለቁ የማኅበር ቤቶችም ሰው እንዳለባቸው እንዳይገመት። ወሰኑ ላይ አትቁም፣ የተያያዘው ሰፈር እስካለቀበት ሂድ።

ሁለተኛ፣ በእነዚያው ብሎኮች በር እያንኳኳህ በአንድ ግቢ ስንት አባወራና ስንት ሰው እንዳለ መዝግብ። የመብራት ቆጣሪን ብቻ የቤተሰብ ቁጥር አድርጎ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል፣ ቁጥሩም የሚያንሰው ድሃው በሚበዛበት ሰፈር ነው።

ሦስተኛ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባን ከአምስት ዓመት በፊት ካለው ጋር አስተያይ። የግል ትምህርት ቤቶችን ጨምር፣ ከገጠር ቀበሌ እየተመላለሱ የሚማሩትን ቀንስ። ኪራይ ቤት የሚበዛበት ከተማ ከሆነ ይህ ቁጥር ዕድገቱን አሳንሶ ያሳይሃል፣ ላጤ ተከራይ ልጅ አያስመዘግብም።

ሸገር ዳር

ሰኔና ሐምሌ ላይ ግን አትቁጠር። ክረምት ሲገባ የቀን ሠራተኛው ለእርሻ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ተማሪውም ኪራዩን ለቆ ይወጣል። ኅዳርም የመኸር አጨዳ ነው። ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ቢሆን ይሻላል።